የኤም9 ሽጉጥ ካዝና

ኤም9 የአሜሪካ ጦር እ.ኤ.አ. በ1985 የመረጠው፣ የጣሊያኑ ቤሬታ ኩባንያ የነደፈው ባለ 9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ነው። ካዝናው 15 ጥይት ይይዛል።

ከ2003ቱ የኢራቅ ወረራ በኋላ ብዙ ወታደሮች በዚሁ ካዝና አማረሩ። ጦሩ ከሌላ አምራች የገዛው ካዝና በሻካራ ፎስፌት የተለበጠ ነበር። ልባጡ ዝገትን ይከላከላል፤ እንደ ዱቄት የላመውን የበረሃ አሸዋ ግን ይዞ ያስቀራል። አሸዋው ሲጠራቀም የካዝናው ሞላ ጥይቱን ወደ ላይ መግፋት ያቅተዋል፤ ሽጉጡም ቀጣዩን ጥይት ሳይጎርስ ይቀራል። ይህ የሚሆነው ወታደሩ ሽጉጡን አጥብቆ በሚፈልግባት ቅጽበት ሊሆን ይችላል።

ሻካራውን ልባጥ የጠየቀው የጦሩ የራሱ የግዢ መስፈርት ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን በካዝናው አምራች ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው፤ መስፈርቱ የሚዘመትበትን መሬት ማየት ነበረበት።

በኋላ አሸዋ የማይዝ ለስላሳ ልባጥ ያለው ካዝና ቀረበ።