ካርታም እንደ ሰው ያረጃል
(ስለ ዓባይና ስለ ጣና ካርታዎች የተሰጠ ንግግር)

የዛሬው ንግግራችን በውኃ ላይ የሚጓዝ ሰው ስለሚመራበት ካርታ ነው። ዘመኖቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እንጠራለን።

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚያልፈው መንገድ ላይ የምትገኘው አምበር የደጋ ከተማ ናት፤ ወደብም መርከብም የላትም። ስለዚህ «የጀልባ ካርታ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል ሰው ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን አምበር ያለችበት የጎጃም ምድር በምሥራቅና በደቡብ በዓባይ የተከበበ፣ በሰሜንም ከጣና የሚዋሰን ነው። ሊቃውንት የውኃን መንገድ በወረቀት ለማስፈር ብዙ ከደከሙባቸው ስፍራዎች አንዱ ይኸው አገር ነው። የድካማቸውም ታሪክ አንድ ቁም ነገር ያስተምረናል፤ ይኸውም ካርታ አንድ ጊዜ ተሠርቶ እንደማያበቃ፣ ዘወትርም መታረም እንዳለበት ነው።

በጥንት ዘመን በደንገል ታንኳ ጣናን ይቀዝፍ የነበረው ሰው ካርታው በልቡ ነበር። ክረምቱ ደለል የሞላበትን፣ በጋው ዐለት ያወጣበትን ስፍራ በዐይኑ እያየ ዕውቀቱን በየጊዜው ያድስ ነበር። ቸል ያለ እንደ ሆነም ስሕተቱን ታንኳው በዚያው ቀን ትነግረዋለች።

በወረቀት ላይ የሰፈረ ስሕተት ግን ብዙ ዘመን ይኖራል። በ1573 ኦርቴሊዩስ የተባለው የካርታ ሊቅ ባሳተመው ካርታ ላይ ኢትዮጵያ ከምድር ወገብ በታች እጅግ ርቃ ተዘርግታለች፤ ዓባይም በዚያ ካሉ ሐይቆች የሚመነጭ ሆኖ ተሥሏል። በ1618 ፔድሮ ፓኤዝ ዐፄ ሱስንዮስን ተከትሎ ሄዶ የግሽ ዓባይን ምንጭ በዐይኑ አየ። በ1683 ደግሞ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ከቀድሞዎቹ የተሻለ ካርታ አሳተመ። ሉዶልፍ አገራችንን ረግጦ አያውቅም፤ ነገር ግን ከተጓዦች ጽሑፍ ሌላ፣ ከኢትዮጵያዊው መምህሩ ከአባ ጎርጎርዮስ ብዙ ተምሮ ነበር። የአገሩ ተወላጅ ቃል ሲጨመርበት ካርታው ወደ እውነት ቀረበ።

ይህም ሆኖ የዓባይ ሸለቆ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ በካርታ ላይ በነጠብጣብ ብቻ የሚመለከት ነበር። በ1903 ማክሚላን የተባለ አሜሪካዊ በብረት ጀልባዎች ወንዙን ሊወርድ ቢነሣ፣ ጀልባዎቹ ገና ብዙ ሳይርቁ ከዐለት ጋር ተላትመው ተሰባበሩ። ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ቺስማን ግን በበቅሎና በእግር ሸለቆውን እየተከተለ፣ የጣናንም ዳርቻ እየዞረ መረመረ፤ የድካሙንም ፍሬ በ1936 በመጽሐፍ አወጣ። ነጠብጣቡም በመስመር ተተካ።

ከ1957 እስከ 1961 አሜሪካውያን ቀያሾች ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆነው የዓባይን ተፋሰስ በመሣሪያ ለኩ። ልኩ የተነሣው በግብፅና በሱዳን ወሰን አጠገብ ካለው፣ አዲንዳን ከሚባለው ነጥብ ነበር፤ የአገራችንም የወረቀት ካርታዎች በዚሁ መነሻ ላይ ተሠርተዋል። በሳተላይት የሚመራው ጂፒኤስ ግን የሚቆጥረው ከሌላ መነሻ ነው። ልዩነቱን ሳያስተካክል የአንዱን ቁጥር በሌላው ላይ የሚያነብ ሰው በእኛ አገር ከመቶ ሜትር በላይ ይስታል። መቶ ሜትር ለመንገደኛ ትንሽ ነው፤ በማታ በደሴት ዳር ለሚያልፍ ጀልባ ግን ከዐለት ላይ ለመውጣት ይበቃል።

ከሁሉም የሚበልጠው ምስክር ራሱ ጣና ነው። ሐይቁ እጅግ ሰፊ ቢሆንም ጥልቀቱ ከ15 ሜትር አያልፍም። በ1996 በዓባይ መውጫ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ ከሐይቁ የሚወጣው ውኃ መጠን በሰው እጅ ሆኗል። በ2003 በዝናብ ማነስና ለኤሌክትሪክ ኃይል በተለቀቀው ውኃ ምክንያት የሐይቁ ፊት ከባሕር ወለል በላይ ከ1785 ሜትር በታች ወረደ፤ መርከቦችም ለአራት ወር ያህል ሥራ አቆሙ። በዚያን ጊዜ ከካርታው ላይ አንዲት መስመር አልተለወጠችም፤ የተለወጠው ውኃው ነበር። ከዚህም በላይ ግልገል ዓባይ፣ ርብና ጉማራ በየክረምቱ ደለል ይዘው ይገባሉ፤ ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የሚሉት አረም ዳርቻውን ወርሯል።

ዛሬ ለሽርሽር የሚወጣ ጀልባ ሁሉ ካርታውን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ይዞ መሄድ ይችላል። መሣሪያው ድንቅ ነው፤ ነገር ግን በመስተዋቱ ላይ ያለው ሥዕል ስላማረ ብቻ እውነት አይሆንም። በ2014 በዓለም ዙሪያ ውድድር ላይ የነበረ አንድ የሸራ ጀልባ በሞሪሺየስ አቅራቢያ በሌሊት ከባሕር ዐለት ጋር ተላተመ። ዐለቱ በኤሌክትሮኒክ ካርታው ውስጥ ነበር፤ ዳሩ ግን ካርታው ቀርቦና ጎልቶ ካልታየ በቀር በግልጽ አይነበብም ነበር። ዘጠኙም መርከበኞች መትረፋቸው ትልቅ ዕድል ነው።

እንግዲህ ጀልባ የሚመራ ሰው ከመነሣቱ በፊት ሊጠይቃቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ካርታው የተሠራው መቼ ነው? የታረመውስ መቼ? የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ለመርከበኞች የእርማት ማስታወቂያ ማውጣት የጀመረው በ1834 ነው፤ እርማቱ ወጥቶ ካርታው ላይ ካልገባ ግን እንዳልወጣ ይቈጠራል። ካርታውና ጂፒኤሱ ከአንድ መነሻ ይቈጥራሉን? የተጻፈው ጥልቀት የተለካው ውኃው በየትኛው ከፍታ ላይ ሳለ ነው? የዛሬውስ ከፍታ ስንት ነው? የሚሄድበትን መንገድ ከዳር እስከ ዳር ካርታውን አጉልቶ ይመልከት፤ የወረቀት ካርታና የጥልቀት መለኪያ ገመድም አይለየው። ከሁሉ በፊት ግን የዳርቻውን ዓሣ አጥማጅ ይጠይቅ።

ውድ አድማጮች፤ ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ጀልባ አንቀዝፍም፤ በየቢሮአችን ግን ዛሬ ባልታረመ መዝገብ የትናንትናውን ነገር እንደ ዛሬ አድርገን እንጽፋለን፤ በዚያም ላይ ተመሥርተን በሰው ጉዳይ እንወስናለን። የተሳሳተ ካርታ የያዘ መርከበኛ ከጉዳቱ ይካፈላል፤ ያረጀ መዝገብ ይዘን የምንወስን እኛ ግን ከወንበራችን አንነቃነቅም፤ የሚጎዳው ባለጉዳዩ ነው። ስለዚህ ከመርከበኛው ይልቅ እርማት የሚያስፈልገን እኛ ነን።