ከቀመሩ በፊት የነበረው ጥያቄ፦ ኦም ሦስቱን እንዴት ለያቸው?



በማስተማር ባሳለፍኳቸው ዓመታት አንድ ስሕተት ደጋግሜ ፈጽሜአለሁ። ቮልቴጅ የፍሰትና የተቃውሞ ብዜት መሆኑን ሰሌዳ ላይ እጽፍና በቀጥታ ወደ ስሌት አልፍ ነበር። ተማሪዎቼም መልሱን በትክክል ያገኙ ነበር። አንድ ቀን ግን፣ «መኪና ሲነሣ መብራቱ ለምን ይደበዝዛል?» ብዬ ብጠይቅ ክፍሉ ጸጥ አለ። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ መደምደሚያውን ሰጥቼ፣ መደምደሚያውን የወለደውን ጥያቄ አስቀርቼባቸዋለሁ። ዛሬ ወደዚያ ጥያቄ እንመለስ። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በዕለት ንግግራችን «ኮረንቲ» ስንል ሦስቱንም በአንድ ቃል እንጠቀልላለን። የ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ሊቃውንትም ከዚህ ብዙ አልራቁም ነበር። ቮልታ በ1800 ባትሪውን ይፋ ካደረገ በኋላ ኤሌክትሪክን ሳያቋርጡ ማፍሰስ ተቻለ። ኤርስቴድ በ1820 ፍሰቱ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር አሳየ። ይሁንና የሚገፋው፣ የሚፈሰውና የሚገታው በቁጥር ገና አልተለያዩም።

ጌኦርግ ሲሞን ኦም በኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበር። በ1825 የሽቦ ርዝመት ፍሰትን እንዴት እንደሚቀንስ ለክቶ ቀመር አሳተመ፤ ቀመሩ ግን ትክክል አልነበረም። ባትሪው እየሠራ ሳለ ይዳከም ስለነበር፣ ሽቦው ሲለወጥ ግፊቱም አብሮ ይለወጥ ነበር። ሁለት ነገሮች በአንድ ጊዜ ሲዋዥቁ የአንዱን ድርሻ ከሌላው መለየት አይቻልም።

የሳይንስ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ፖገንዶርፍ በሙቀት ልዩነት የሚሠራ ምንጭ እንዲጠቀም መከረው። ኦምም ቢስሙትንና መዳብን አጋጥሞ አንዱን መጋጠሚያ በፈላ ውኃ፣ ሌላውን በበረዶ አኖረ። ውኃው እስከፈላና በረዶው እስካልቀለጠ ድረስ ግፊቱ ጸና። በ1826 መጀመሪያ ውፍረታቸው እኩል፣ ርዝመታቸው የተለያየ 8 የመዳብ ሽቦዎችን በየተራ አስገብቶ ፍሰቱን በተንጠለጠለ መግነጢሳዊ መርፌ ለካ። ውጤቱ ግልጽ ነበር፤ የግፊቱን ቁጥር ለሽቦው ርዝመትና ለአንድ ቋሚ ቁጥር ድምር ሲያካፍለው ፍሰቱን አገኘ።

ይህ ተደማሪ ቋሚ ቁጥር ምንድን ነው? ምንጩን ጨምሮ የቀረው የሰርኪዩቱ ክፍል ተቃውሞ ነው። ምንጭም ራሱ ይቃወማል ማለት ነው። የመኪናው መብራት ምሥጢርም ከዚህ ላይ ይፈታል፤ ማስነሻው ሞተር ከፍተኛ ፍሰት ሲስብ የቮልቴጁ ከፊል በባትሪው ውስጣዊ ተቃውሞ ይባክናል፤ ለመብራቱ የሚተርፈውም ያንሳል።

ኦም ሥራውን በ1827 በመጽሐፍ ቢያወጣም በአገሩ ቀዝቃዛ አቀባበል ገጠመው፤ ከማስተማር ሥራውም ለቀቀ። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊን ሜዳይ የሰጠው በ1841 ነው። በ1881 በፓሪስ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ኦምን ከቮልትና ከአምፔር ጋር የመለኪያ ስም አድርጎ አጸደቀ።

ተማሪዎቼ፣ ያንን አጭር ቀመር ስትጽፉ አስቀድማችሁ «ምን ጸና? ምን ተለወጠ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኦምን ከ1825ቱ ስሕተት ያወጣው ይህ ጥያቄ ነው።