ሁለቱ ሰንበታት በሮሃ

ከኦሞ ወንዝ ዳር፣ ከካራዎቹ መንደር ከዱስ ተነሥቶ ላስታ ላሊበላ ለመድረስ የሚሻ መንገደኛ በመጀመሪያ ወደ ጂንካ ይወጣል፤ ከዚያም አገሪቱን ከደቡብ ወደ ሰሜን አቋርጦ ይጓዛል። ሁለቱ ስፍራዎች በምንም አይመሳሰሉም። በዱስ ቤቱ የእንጨትና የሣር ነው፤ ሥዕሉም በነጭና በቀይ አፈር በሰው ገላ ላይ ተሥሎ በማግስቱ የሚታጠብ ነው። በላሊበላ ግን ቤቱ ራሱ አለት ነው። ሆኖም የዓለም ቅርስ መዝገብ አቀራርቧቸዋል፤ ላሊበላ በ1970 ዓ.ም.፣ የታችኛው ኦሞ ሸለቆ ደግሞ በ1972 ዓ.ም. ተመዝግበዋል። (የኦሞው የተመዘገበው በቅሪተ አካሉ እንጂ በነዋሪዎቹ ምክንያት አለመሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።) ሁለቱንም የሚያዘወትራቸው እንግዳ አንድ ዓይነት ነው፤ ቅዳሜ ደርሶ እሑድ የሚመለስ፣ ካሜራ በአንገቱ ያንጠለጠለ።

ይህ እንግዳ የመረጣቸው ሁለት ቀናት በዚህች አገር ምን ያህል ክርክርና ስደት እንዳስከተሉ አያውቅም። ቅዳሜ እንደ እሑድ ይከበር ወይስ አይከበር የሚለው ጥያቄ የ14ኛውን መቶ ዘመን ገዳማት ለሁለት ከፍሎ ነበር። ሁለቱም ሰንበታት ይከበሩ ያሉት አባ ኤዎስጣቴዎስ አገራቸውን ለቀው በአርማንያ ምድር አረፉ፤ ደቀ መዛሙርታቸውም ተገፉ። እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተገፉትን ሐሳብ አጸደቁ፤ ቀዳሚት ሰንበትም ከእሑድ ጎን ቆመች።

ከዚያ ጉባኤ ሁለት መቶ ዓመት ከሚበልጥ ጊዜ በፊት ሮሃ የዛግዌ ነገሥታት መናገሻ ነበረች። ስሟን የሰጣት ንጉሥ ላሊበላ በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ ነግሦአል። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ዮርዳኖስ በተባለው ወንዝ ግራና ቀኝ ተከፍለው፣ ቤተ ጊዮርጊስ ደግሞ ብቻውን ተነጥሎ ይገኛሉ። ከሁሉ የሚገዝፈው ቤተ መድኃኔ ዓለም ርዝመቱ ከ33 ሜትር በላይ፣ ቁመቱም 11 ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩ ግን የሥራውን ጠባይ አይገልጥም። ግንበኛ ከመሠረት ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል፤ ተሳስቶ ያኖረውንም ድንጋይ አንሥቶ ሌላ ይተካል። የሮሃ ጠራቢ ግን ከጣራ ጀምሮ ወደ ታች ወረደ። በመጀመሪያ ዙሪያውን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ አለቱን ለየ፤ ቀጥሎ ከላይ እየጠረበ በመስኮት ገብቶ ውስጡን ፈለፈለ። የሚቆመው ምሰሶ የት እንደሚሆን ከመጀመሪያው ማወቅ ነበረበት፤ መሮው አንድ ጊዜ ከሳተ የተቆረጠው አይመለስም። በደንጊያ ላይ እንዲህ ያለ ዕቅድ የነደፈ ሰው ስሙ በየትኛውም መጽሐፍ አልተጻፈም።

ትውፊቱ ሰዎች ቀን የሠሩትን መላእክት ሌሊት በእጥፍ ይጨምሩላቸው እንደነበር ይናገራል። ትውፊቱን መናቅ አይገባም፤ ሕዝብ የሥራውን ግዝፈት የለካበት የራሱ መለኪያ ነውና። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ስፍራውን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንኳ አንባቢ አያምነኝም ብሎ ስለ ሰጋ በመሐላ ለማጽናት ተገድዷል። በዘመናችን ደግሞ አርኪዮሎጂስቱ ዴቪድ ፊሊፕሰን ሁሉም በአንድ ንጉሥ ዘመን አልተፈለፈሉም፤ ቤተ መርቆሬዎስንና ቤተ ገብርኤል ወሩፋኤልን የመሳሰሉት ከንጉሡ ብዙ ዘመን ቀድመው ለሌላ ግልጋሎት ተቆርጠው ይሆናል የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። ሐሳቡ ለክርክር ክፍት ነው። እውነት ቢሆን የንጉሡ ክብር አይቀንስም፤ ስማቸው ያልተጻፈው ጠራቢዎች ትውልድ ግን ይበዛል።

አለቱን የሚጎዳው ዝናብ ነው። ጥገናውም አንዳንዴ ከጉዳቱ አልተሻለም፤ በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በግድግዳዎች ላይ የተቀባውን ሬንጅ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሳንድሮ አንጄሊኒ መሪነት መፋቅ አስፈልጓል። በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በአምስቱ አብያተ ክርስቲያናት ላይ ለጊዜው ተብሎ አራት ታላላቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። ጊዜያዊው ነገር ዓመታት ቆየ፤ ክብደቱ አለቱን እንዳይጎዳ የሰጋው የከተማው ሕዝብ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ አደባባይ ወጥቶ ጮኸ። ይህ ጩኸት ከማናቸውም የጎብኚ መጽሐፍ የሚበልጥ ሰነድ ነው፤ ቅርሱ የማን እንደሆነ የተነገረው በዚያ ነውና። ሕዝቡ ከዚያ ቀደምም በ1989 ዓ.ም. አፍሮ አይገባ የተሰኘው መስቀል ተሰርቆ ወደ ውጭ በተሸጠ ጊዜ አዝኖ፣ ሲመለስም ተደስቶ ነበር። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ወደ ከተማዋ በገባ ጊዜ ደግሞ እንግዳው ጠፋ፤ በእንግዳው የሚኖረው አስጎብኚና የሆቴል ሠራተኛም ባዶ እጁን ቀረ።

በዱስም ነገሩ እንዲሁ ነው። ካራዎቹ የኦሞ ሙላት ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ የሚዘሩ ገበሬዎች ነበሩ፤ ከላይ የተሠራው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ የወንዙን ጠባይ ለውጦታል። እንግዳው ግን የሚከፍለው ለማሽላው ሳይሆን ለሥዕሉ ነው። ላሊበላም በድንጋዩ ፎቶግራፍ ውስጥ ቄሱን እንደ ጌጥ ያያል፤ ቄሱ ሌሊቱን በማሕሌት እንዳነጋ፣ በታኅሣሥ 29 በቤተ ማርያም አፋፍ ቤዛ ኩሉ የሚወረበው ለተመልካች ሲባል እንዳልሆነ የሚያስረዳው የለም።

እሑድ ከቀትር በኋላ መኪኖቹ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይወርዳሉ። መጠለያ ያልተተከለበት ቤተ ጊዮርጊስ በጉድጓዱ ውስጥ ብቻውን ይቀራል፤ በመስቀል ቅርጽ ከተጠረበው ጣራውም የዝናቡን ውኃ ጠራቢዎቹ ባበጁለት ማፍሰሻ ወደ ታች ይሰድዳል።