ፊደልና መኪና በአራዳ

አንድ ሕዝብ አዲስ መሣሪያ በገጠመው ቁጥር አንድ ጥያቄ ይነሣበታል፤ ይኸውም ሰው ለመሣሪያው ይገዛ ወይስ መሣሪያው ለሰው ይገራ የሚል ነው። በአዲስ አበባ ይህ ጥያቄ ጎልቶ ከታየባቸው ሰፈሮች አንዱ አራዳ ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ከነበረው ጥንታዊ ገበያ አንሥቶ፥ ከጣሊያን ወረራ ዘመን ወዲህ ፒያሳ እስከተባለው መንደርና በደጃዝማች ውቤ ስም እስከሚጠራው ውቤ በረሃ ድረስ፥ ሱቁ፥ ሆቴሉ፥ ሲኒማውና የምሽት ጭፈራው ተሰባስቦ ይገኝ ነበር።

የሰፈሩ ሰው ከአዲስ ነገር ጋር የተላመደው ግን ያለ ፍርሃት አልነበረም። የመጀመሪያው የሲኒማ ቤት በሕዝቡ ዘንድ «የሰይጣን ቤት» ተብሎ መጠራቱ ለዚህ ምስክር ነው። ሆኖም ፍርሃቱ ውሎ ሲያድር በልማድ ተተካ፤ የሰፈሩ ስም ራሱ የጠባይ መግለጫ ሆኖ፥ ነገር ቶሎ የሚገባውና ከጊዜው ጋር የሚራመደው ሰው «አራዳ» ሲባል፥ ወደ ኋላ የቀረው «ፋራ» ተባለ።

ከሁሉ የከበደው መላመድ የጽሕፈት ነበር። በ1914 ዓ.ም. በተቋቋመው በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ እርሳስ ስለ ነበረው፥ ሸክሙ የወደቀው በፊደል ለቃሚው እጅና ትውስታ ላይ ነው። የጽሕፈት መኪና ግን እንዲህ ያለ ስፋት አልነበረውም። 33ቱ ፊደላት በ7ቱ ድምፆች ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህም ይበልጣል። የመኪናው ቁልፎች በአንጻሩ ከ50 አይበልጡም፤ እያንዳንዱ ሁለት ምልክት ቢይዝ እንኳ መቶ አይሞላም። መሐንዲስ አያና ብሩ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት የዘየዱት መፍትሔ ፊደሉን ከፋፍሎ መቀጠል ነበር፤ አካሉ አስቀድሞ ይመታል፥ እግሩ ወይም ቀለበቱ ኋላ ይቀጠልለታል። ታይፒስቱም ሲጽፍ የኖረውን ፊደል እንደ አዲስ ተማረው፤ በብዕር አንድ የነበረው በጣቱ ሥር ሁለት ሆነ።

መኪናው ባልሰፋ ጊዜ ፊደሉን ማጥበብ የፈለጉም ነበሩ። ከነጻነት በኋላ ባሉት ዓመታት፥ ድምፃቸው አንድ የሆነው ሀ፥ ሐ እና ኀ፥ እንዲሁም ሰ እና ሠ፥ አ እና ዐ ይቀነሱ፥ ቅርጻቸውም ይቅለል የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ለዚህ ከቀረቡት ምክንያቶች አንዱ የማተሚያውና የጽሕፈት መኪናው ችግር ነው። ሐሳቡ በሥራ ሳይውል ቀረ፤ ፊደሉም ሳይጎድል ለኮምፒዩተር ዘመን ደረሰ።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች፥ ከእነርሱም መካከል ፍስሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ፥ ፊደሉን ወደ ኮምፒዩተር ለማግባት ደከሙ። በኋላም ቪዥዋል ግዕዝና ፓወር ግዕዝ የተባሉት ፕሮግራሞች በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶችና የጽሕፈት አገልግሎት ሱቆች ተሠራጩ። ታይፒስቱ እንደ ገና ተማሪ ሆነ። ቀድሞ ጣቱ የፊደሉን ቅርጽ ይከተል ነበር፤ አሁን በላቲን ቁልፍ ላይ ተነባቢውን፥ ቀጥሎም አናባቢውን እየመታ ድምፁን ይከተል ጀመር። በዚያ ላይ አንዱ የፊደል ቅርጽ ስብስብ ከ256 ምልክት በላይ ስለማይዝ፥ እያንዳንዱ ፕሮግራም ቦታውን እንደ ራሱ ስልት ደለደለው። ስለዚህ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር፤ በዚያ ዘመን የተጻፉና ወደ አዲሱ ሥርዓት ያልተዛወሩ ሰነዶች ዛሬም በዚሁ ችግር ውስጥ ናቸው።

መፍትሔው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው። ለግዕዝ ፊደል 345 ምልክቶች ተመደቡለት፤ ከእንግዲህ አንዱ ፊደል በየትኛውም መሣሪያ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ይኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የዋለው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ መጣ። በዚህ ጊዜ የታጠፈው መኪናው እንጂ ፊደሉ አይደለም።

ይሁን እንጂ ድሉ ገና በእያንዳንዱ ሰው ጣት ላይ አልተፈጸመም። ስልኩ ፊደሉን እያወቀው፥ አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፍ ብዙ ነው። ይህም መላመድ ነው፤ ነገር ግን መሣሪያው ሳያስገድደው ሰው በልማድ ብቻ የሚገባበት መላመድ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ሰፊ ክፍል ሲፈርስ የአራዳ አሮጌ ቤቶች አብረው ሄደዋል፤ ቤት ሲፈርስ ግን የሰው ዐይን ያየዋል። ፊደል ከጣት ሲርቅ ማንም አያየውም። ስለሆነም የመሐንዲሱ ተግባር አዲሱን መሣሪያ ማስገባት ብቻ ሳይሆን፥ ለመሣሪያው ሲባል የሚተወውን ነገር አስቀድሞ መዝኖ፥ መተው ያለበትንና የሌለበትን መለየት ነው። እውነተኛው አራዳ የራሱን ሳይጥል አዲሱን የያዘ ሰው ነው።