የሰማይ መንገድና የምድር መንገድ

በአገራችን የጉዞ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ። በብዙ የዓለም ክፍል አይሮፕላን የመጣው ባቡርና መኪና ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ነው፤ በእኛ ዘንድ ግን ደኅና የመኪና መንገድ ሳይኖረው አይሮፕላን ሲያርፍበት ያየ ወረዳ ጥቂት አይደለም። የመጀመሪያው አይሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፥ ከዋና ከተማይቱ ወደ ጎንደር የሚሔድ ሰው ገና በቅሎውን ጭኖ፥ ስንቁን ቋጥሮ፥ ሳምንታት ይጓዝ ነበር።

ለዚህ ምክንያቱ ገደሉና ክረምቱ ነው። መንገድ ለማውጣት ድንጋይ መፈንቀል፥ ድልድይ መጣል፥ ከዚያም በየዓመቱ የሚያፈርሰውን ጐርፍ መታገል ያስፈልጋል። ለዚያን ጊዜው አይሮፕላን ግን ሜዳ መርጦ፥ ጉብታውን ደልድሎ፥ ከብቱን ማባረር ይበቃው ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ ጉዞውን አደረገ። ከጦር ሠራዊት የተገኙት እነዚያ ዳግላስ አይሮፕላኖች ሰውንና ዕቃን አንድነት ይዘው ይበሩ ነበርና፥ ተሳፋሪው በጐንና በጐን በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጭነቱን ፊት ለፊቱ ያየው ነበር። መንገዱ በበኩሉ ዘገየ። በጠላት ወረራ ዘመን የተሠራው በጦርነትና በዝናም ተበላሽቶ ስለ ነበረ፥ በ1943 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኝቶ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ።

ሁለቱን ለማመዛዘን ዕድል ያገኘነው አንድ ጊዜ ወደ ጎንደር በአውቶቡስ ሔደን በአይሮፕላን በተመለስን ጊዜ ነው። ገና ጐሕ ሳይቀድ ተነሣን። እስከ ጎሐ ጽዮን ድረስ ተሳፋሪው ሁሉ እንቅልፉን ጨረሰ፤ ከዚያ በኋላ ግን መሬቱ ተሰነጠቀ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ ሲወርድ በመጀመሪያ ካፖርታችንን አወለቅን፤ ቀጥሎ መስኮት ከፈትን፤ ወንዙ ዘንድ ስንደርስ ላቡ በጀርባችን ይወርድ ነበር። ድልድዩን ተሻግረን ዳገቱን እንደ ያዝን የመኪናው ውሃ ፈላና ቆምን። ረዳቱ ጀሪካን ይዞ ቍልቍል ሲሮጥ፥ እኛ የሚያልፍብንን የሥራ ቀን እየቈጠርን ማማረር ጀመርን። አንዲት አዛውንት እናት ግን በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው፥ ዳቦ ቈሎ እያደሉን፥ «አባቴ ይኸን ገደል አንድ ቀን ወርዶ አንድ ቀን ይወጣው ነበር፤ ክረምት ሲሆንማ ወንዙ እስኪጐድል ማዶ ይቀር ነበር። እናንተ ልጆቼ፥ አንድ ሰዓት ብትቆሙ ትቈጣላችሁ?» አሉን። አፈርን። ወገባችንን ግን ዕፍረቱ አላዳነውም፤ ደብረ ማርቆስ በሌሊት ገብተን ስናድር የማያመን ጐን አልነበረንም።

ስንመለስ ነገሩ ሁሉ ሌላ ሆነ። በእርግጥ ከበረርንበት ይልቅ ለመብረር የጠበቅንበት ጊዜ ይረዝም ነበር። ከተነሣን በኋላ ግን ጣና ከነደሴቶቹ ታየን፤ ከዚያም ደጋው በየሸለቆው ተቈራርጦ ተዘረጋ። እያንዳንዱ አገር ለብቻው ገበያ፥ ለብቻው አነጋገር፥ ለብቻው ገዥ ለምን እንደ ነበረው ከብዙ መጻሕፍት ይልቅ ያች አንዲት ሰዓት አስረዳችን። ይህን ደስታ መሬት ላይ አናገኘውም። ነገር ግን አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ስሙን ሳይነግረን፥ እኛም ሳንጠይቀው ወረድን።

በተለይ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ከላይ ያየነውን አገር ያወቅነው ይመስለናል። መምህሩ ወደ ተመደበበት በአይሮፕላን ሲሔድ ገደሉን ሳይቈጥር ይደርሳል፤ ተማሪው ግን ያንኑ ገደል በየጧቱ በእግሩ ይወርደዋል።

ከዓባይ በላይ ስንደርስ ግንባራችንን በመስተዋቱ ላይ አስደግፈን ያን የቆምንበትን ዳገት ፈለግነው። አንድ ቀጭን ክር የሚመስል ነገር ታየን። መንገዱ ይሁን ጅረት ሳንለየው፥ ድልድዩንም ሳናገኘው፥ ደመና ሸፈነው።