የጥቁሩ መስኮት ዝምታ

ፕሮግራም መጻፍ የሚጀምር ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስደነግጠው ዝምታው ነው። ጥቁር መስኮት ይከፈታል፤ አንዲት ጠቋሚ ብልጭ ድርግም ትላለች፤ ሌላ ነገር የለም። ትእዛዙን አስተካክሎ ቢጽፍ ብዙ ጊዜ መልስ አያገኝም፤ ቢሳሳት ግን ይወቀሳል። ስንቱ ጀማሪ የተናቀ መስሎት ከዚህ ደጃፍ ተመልሷል! ዝምታው ግን ንቀት አይደለም፤ ታሪክ አለው።

እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ፣ በኒው ጀርሲ፣ የቤል ላቦራቶሪ ባልደረባ የነበረው ኬን ቶምፕሰን ብዙ ሰው የማይፈልገው ፒዲፒ-7 የተባለ ኮምፒውተር አገኘ። ባለቤቱ ሕፃን ልጃቸውን ይዛ ለዘመድ ጥየቃ በሄደችባቸው ጥቂት ሳምንታት፣ በኋላ ዩኒክስ ለተባለው ሥርዓት መሠረት ጣለ። ዴኒስ ሪቺም አብሮት ደከመ።

በዚያ ዘመን ከኮምፒውተር ጋር መነጋገሪያው በአብዛኛው ቴሌታይፕ ነበር፤ በሰከንድ ዐሥር ፊደል ብቻ በወረቀት ላይ የሚያትም፣ ጣት የሚያደክም የጽሕፈት መኪና። ስለዚህ ፋይል የሚገለብጠው ትእዛዝ ስሙ ሁለት ፊደል ብቻ ሆነ፤ «ሲፒ»። ፋይሎችን የሚዘረዝረውም እንዲሁ፤ «ኤልኤስ»። «ኤድ» የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ደግሞ ለስሕተት ሁሉ መልሱ አንዲት የጥያቄ ምልክት ነበረች። ወረቀትና ጊዜ የሚቆጥብ ሰው ቃልም ይቆጥባል።

ሁለተኛውም ምክንያት ከዚሁ ቤት የወጣ ነው። ዳግ ማክልሮይ ፕሮግራሞች እንደ አትክልት ማጠጫ ጎማ እርስ በርስ ይቀጣጠሉ ዘንድ እ.ኤ.አ. በ1964 ጽፎ ነበር። በ1973 ቶምፕሰን ሐሳቡን በአንድ ሌሊት ሥራ ላይ አዋለው፤ የአንዱ ትእዛዝ ውጤት በቀጥታ ወደ ሌላው ይፈስ ጀመር። አንዱ ድርሰትን ቃል በቃል ይበትናል፤ ሁለተኛው በፊደል ተራ ይሰድራል፤ ሦስተኛው የተደጋገመውን ይቆጥራል፤ ደራሲው የትኛውን ቃል እንደሚያዘወትር በቅጽበት ይታወቃል። በመካከል የሚለፈልፍ ፕሮግራም ቢኖር ግን ለተከታዩ ውኃውን ያደፈርስበታል። ዝምታው እንግዲህ ለባልንጀራ የሚደረግ ጨዋነት ነው።

ይኸው ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1992 ከሮብ ፓይክ ጋር እራት ላይ ሳለ፣ ከሳሕን ሥር በሚነጠፍ ወረቀት ላይ ዩቲኤፍ-8 የተባለውን የፊደላት አጻጻፍ ነደፈ። በ1999 የእኛ ፊደል ዩኒኮድ ከተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ገባ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የግእዝ ፊደል ሦስት ባይት ሆኖ በዚያው ቧንቧ ውስጥ ያልፋል።

ጀማሪ ሆይ፣ ትእዛዝህን ጽፈህ መልስ ብታጣ አትደንግጥ፤ ሥራው ተሠርቷል።