ፊደላችን በኮምፒዩተር አፍ እንዴት እንደሚነበብ

ዐይነ ስውር የሆነ ተማሪ ሌላ ሰው ሳያነብለት ራሱ ማንበብ ቢችል ታላቅ ነጻነት ነው። አንባቢው ጓደኛ በታመመ ወይም በሰለቸ ጊዜ ትምህርቱ ይቋረጥበታልና። ዛሬ ይህን ነጻነት ከሚሰጡት ነገሮች አንዱ በስክሪን ላይ የተጻፈውን በድምፅ የሚያነብ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ነው። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙን የጫነ ሁሉ ወዲያው አማርኛ አይሰማም፤ አንዱን ዝምታ፣ ሌላውንም ትርጉም የሌለው ጩኸት ይገጥመዋል። ስለዚህ የችግሩን መነሻ ከታሪኩ ለማስረዳት አስበናል፤ መነሻውን ያወቀ ሰው መፍትሔውን አያጣምና።

በጆሮ መማር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች የቃል ትምህርት ከመምህሩ አፍ ወደ ተማሪው ጆሮ ሲተላለፍ ኖሯል፤ በአቋቋም የታወቀው የጎንደር በዓታም ለዚህ ምስክር ነው። ዐይነ ስውር የነበሩት አለቃ አያሌው ታምሩም በዚሁ ትምህርት ታላቅ ሊቅ ለመባል በቅተዋል። ነገር ግን የቃል ትምህርት መምህር ባለበት ስፍራ ብቻ የሚገኝ ነው፤ መጽሐፍ ለብቻ ማንበብ ሌላ መሣሪያ ይጠይቃል።

ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬይል እ.ኤ.አ. በ1829 በጣት የሚዳሰሰውን ጽሕፈት አሳተመ። በ1976 ደግሞ አሜሪካዊው ሬይ ከርዝዌይል የታተመ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ መኪና አወጣ። በ2006 ማይክል ከረን የተባለ ዐይነ ስውር አውስትራሊያዊ ኤንቪዲኤ የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ፤ ይህም እስከ ዛሬ በነጻ ይታደላል።

የእኛ ፊደል ግን የራሱ እንቅፋት ነበረው። በቀድሞው ዘመን የአማርኛ ፊደል ለኮምፒዩተር ያዘጋጁ ሰዎች የፊደሎቻችንን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ስፍራ ላይ ያስቀምጡ ነበር። የሚያይ ሰው «ሀ»ን ያያል፤ ኮምፒዩተሩ ግን በውስጡ የያዘው የላቲን ፊደል ወይም ምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለኢትዮጵያ ፊደል 345 ምልክቶች ያሉት የራሱን ስፍራ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» በኮምፒዩተርም ዘንድ «ሀ» ሆነ፤ በአሮጌው ዘዴ የተጻፉት ወረቀቶች ግን እንዳሉ ቀሩ።

እንግዲህ ፕሮግራሙ እንቢ ያለ እንደ ሆነ በቅደም ተከተል መመርመር ይገባል።

አንደኛ፣ ምንም ድምፅ ካልተሰማ የድምፁ መጠንና የጆሮ ማዳመጫው ይታይ።

ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛውን አንብቦ አማርኛውን ከዘለለ የተመረጠው ድምፅ ፊደላችንን አያውቅም ማለት ነው። በኤንቪዲኤ ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ኤስ በአንድነት ሲጫኑ የድምፅ ሰጪዎቹ ዝርዝር ይወጣል፤ ከዚያ ኢስፒክ ኤንጂ ይመረጥ። ቀጥሎ ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ቪ ተጭኖ ከድምፆቹ መካከል አማርኛ ይመረጥ። ይህ ድምፅ እንደ ሰው ለዛ የለውም፤ ነገር ግን ያለ ኢንተርኔት ይሠራልና ለገጠር ትምህርት ቤት ይስማማል። ማይክሮሶፍት ያቀረባቸው መቅደስና አምሃ የተባሉት ድምፆች ለሰው ድምፅ የቀረቡ ናቸው፤ በተለመደው መንገድ ግን ኢንተርኔት ይሻሉ።

ሦስተኛ፣ ድምፁ ተመርጦ ሳለ ፕሮግራሙ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ከቆጠረ ጽሑፉ በአሮጌው ዘዴ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ዩኒኮድ ይለወጥ።

አራተኛ፣ ገጹ እያለ ፕሮግራሙ ባዶ ነው ካለ ወረቀቱ ፎቶግራፍ ነው፤ ፊደልን ከሥዕል በሚለቅም ፕሮግራም ወደ ጽሑፍ ይመለስ፤ ቢቻል ግን እንደ ገና ይተየብ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አንድ ችግር ይቀራል። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ኖረ ማለት ነው። «ገና»ም ሲጠብቅ በዓል ነው፤ ሲላላ ጊዜ ነው። ሰው ከዐረፍተ ነገሩ ስሜት ይለየዋል፤ መኪናው ግን ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ስለዚህ አድማጩ በራሱ አእምሮ እያረመ መስማት አለበት።

አንባቢ ሆይ፣ ከእነዚህ እንቅፋቶች ዐይነ ስውሩ ራሱ ያመጣው አንድ ስንኳ አለመኖሩን አስተውል። አሮጌውን ፊደል የምንጠቀመው፣ የፈተናውን ወረቀት ፎቶግራፍ አንሥተን የምንልከው የምናይ ሰዎች ነን። ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የማራኬሽን ስምምነት ስትቀበል መጻሕፍት ለዐይነ ስውራን በሚነበብ ዓይነት እንዲዘጋጁ መንገድ ከፍታለች። በሕግ የተከፈተው በር በእጃችን እንዳይዘጋ ግን የምንጽፈውን ሁሉ በዩኒኮድ እንጻፍ። የጃናሞራ ዋና ከተማ መካነ ብርሃን ትባላለች፤ የብርሃን ስፍራ ማለት ነው። ጎንደር ሊቃውንቱን ያፈራችው ዐይንንም ጆሮንም በማስተማር ነውና፣ እኛም የዕውቀት ብርሃን በጆሮ ለሚቀበሉት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን እንዲደርስ እንትጋ።